ቃል የሚያጥራቸው ልጆች፦ በቁርኣን ቤትና በትምህርት ቤት



ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድ ልጆች እናቀራለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ የሰፈሩን ልጆች መስጂድ ሰብስቦ ማቅራቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጤነኛ ነው፤ ይሮጣል፤ ይጫወታል፤ በግ ቢሰጡት አንድም ሳያጎድል አስገብቶ ይመለሳል። ሱራውን ከጓደኞቹ ጋር ሲል አፉ ይንቀሳቀሳል። «አሁን ብቻህን በል» ሲባል ግን ሁለት ቃል ብሎ ይቆማል። «ትናንት ለምን ቀረህ?» ቢሉት «ቤት» ይላል፤ በቃ፣ ሌላ የለም። እንዲህ ላለው ልጅ የምናወጣለት ስም አንድ ነው፦ ሰነፍ። አንዳንዱም ደነዝ ይለዋል።

ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ በእርግጥም ያላጠና ይሆናል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። ስንፍና የሚመስል፣ ስንፍና ያልሆነ ነገር አለ፤ ስሙም የቋንቋ እድገት እክል ነው።

እክሉ ያለበት ልጅ ጆሮው ይሰማል። ቤቱም ውስጥ የሚያናግረው ሰው አለ። ሆኖም እኩዮቹ ሳይታወቃቸው የሚለምዱት ቋንቋ እሱን ያታግለዋል። አዲስ ቃል ለመያዝ ብዙ ጊዜ መስማት አለበት፤ የያዘውንም ቃል በፈለገው ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል። ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል ወይም መሃሉ ይፈርሳል። ሰው ረዘም አድርጎ ሲያወራው መጨረሻዋን ብቻ ይይዛል፣ ወይም ከነጭራሹ ይጠፋበታል። ዋናው ነገር ደግሞ ችግሩ በጉንፋን ሳምንት ታይቶ የሚጠፋ አለመሆኑ ነው፤ ከዓመት ዓመት አብሮት ያድጋል።

ለረጅም ጊዜ ባለሙያዎች ራሳቸው በስሙ አይስማሙም ነበር። ሐኪሙ አንድ ስም ይሰጠዋል፣ መምህሩ ሌላ፣ ተመራማሪው ሦስተኛ። በ2016 እና በ2017 (እ.ኤ.አ.) በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ዶሮቲ ቢሾፕ መሪነት ከተለያዩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የተውጣጡ 57 ባለሙያዎች ተመካክረው አሁን የምንጠቀምበትን ስም አጸደቁ። ስም ማውጣት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ስም የሌለውን ችግር ማን ይፈልገዋል? ኦቲዝም ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቃል ሆኗል። ይህኛው በቁጥር ከኦቲዝም የሚበዛ ሆኖ ሳለ ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

በቁጥር ስንት ነው? በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ከ7,000 በላይ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ታይተው በ1997 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ጥናት መሠረት ከ100 ልጅ 7 ያህሉ ይህ ችግር ነበረባቸው። በእንግሊዝ ሰሪ አውራጃ የተደረገውና በ2016 የወጣው ጥናትም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ 30 ልጅ ባለበት ክፍል ሁለት ያህል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 60 ልጅ ባለበት የእኛ ክፍል አራት ያህል ይሆናሉ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላው የአዮዋው ቁጥር ነው። ችግሩ ካለባቸው ልጆች ወላጆች መካከል «ልጃችሁ የንግግር ወይም የቋንቋ ችግር አለበት» ተብሎ አስቀድሞ የተነገራቸው 29 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሐኪምና ባለሙያ በሞላበት አገር ከአሥር ሰባቱ ካልተነገራቸው፣ እዚህ ተራራ ላይ ባይታወቅ አይደንቅም።

እኔ የኢንጅነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በራሴ መንገድ ነው የምረዳው፤ ይቅር በሉኝ። የመስጂዱን የድምፅ ማጉያ አስቡት። ማይኩ ደህና ነው፣ ስፒከሩም ደህና ነው፤ መሃል ያለው አምፕሊፋየር ግን የገባለትን እንደሚገባ አያስተላልፍም። ጆሮ ማይኩ ነው፤ አፍና ምላስ ስፒከሩ ናቸው። ቋንቋ የሚባለው ሥራ የሚሠራው ከሁለቱ መሃል ነው። ስለዚህ የመስማት ችግር ሌላ ነው፤ መንተባተብ ሌላ ነው፤ «ረ»ን «ለ» እያለ የሚናገር ልጅ ጉዳይም ሌላ ነው። አንድ ልጅ ላይ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ሌላው አይደለም።

እክሉ በየቋንቋው የሚታይበት ቦታ ይለያያል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ጎልቶ የሚታየው ያለፈ ጊዜን የሚያሳየውን የግስ ጭራ መጣል ነው። የእኛን ቋንቋ ደግሞ ተመልከቱ። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን «አል» አለ፣ ነገሩ እንዳልሆነ የሚናገር፤ «ነገረ» አለ፤ «ች» አለ፣ ሴት መሆኗን የሚያሳይ፤ «ኝ» አለ፣ እኔን የሚያመለክት፤ መዝጊያው «ም» አለ። አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ! በዚያ ላይ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አድማጩ ሌላውን ሁሉ ተሸክሞ እስከ መጨረሻ መጠበቅ አለበት። «ትናንት ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘነውን ልጅ እናት ጥራት» ብትሉት፣ አንዱ ሄዶ እናትየዋን ይጠራል፣ ሌላው ልጁን ይጠራል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆሞ ያያችኋል። ሦስተኛውን «አይታዘዝም» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ትእዛዙን ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ሞክሩት።

ስለ ቁርኣን ቤት ልዩ ትኩረት የምሰጥበት ምክንያት አለኝ። ሱዛን ጋዘርኮልና አለን ባድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ የቋንቋ ችግር ያለባቸውን ልጆች ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት እያሰሙ እንዲደግሙ ጠየቋቸው። አጫጭሮቹን ልጆቹ ደገሙ። ቃሉ ሦስትና አራት ቀለም ሲሆን ግን ከእኩዮቻቸው፣ በዕድሜ ከሚያንሷቸውም ልጆች በታች ሆኑ። ትርጉሙን የማያውቁትን ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ በአእምሮ ይዞ መልሶ ማውጣት ለእነሱ ከባድ ነው። እንዲህ ያለው መልመጃ ዛሬም ባለሙያዎች ይህን እክል ሲመረምሩ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው።

አሁን የአምስት ዓመት የአጅባርን ልጅ አስቡት። ቤቱ አማርኛ ነው። ሼኩ ፊት ተቀምጦ የማያውቀውን የዐረብኛ ቃል ይሰማል፣ ወዲያው መልሶ ይላል። ይህ እኮ ያው መልመጃ ነው! ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት፣ በየቀኑ፣ ጆሮው በለመደ አስተማሪ ፊት። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ይህን ችግር ቀድሞ የሚሰማው ሐኪሙም የመንግሥት መምህሩም አይደሉም፤ የሚያቀራው ሰው ነው። የሰማውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን አያውቅም፤ በእጁ ያለው ቃል «ሰነፍ» ብቻ ነው። ዱላ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ቁርኣን መድገም ያቃተው ሁሉ እክል አለበት ማለት አይደለም። ያልተኛ አለ፣ የራበው አለ፣ የፈራ አለ፣ ጆሮው የሚመግል አለ። በተቃራኒው ደግሞ በዜማው ይዞ ረጅም ሱራ የሚወጣ፣ ግን የትናንት ውሎውን በአማርኛ መናገር የማይችል ልጅም ይኖራል። የሚያጠራጥረው በዐረብኛውም በአማርኛውም፣ በቁርኣን ቤቱም በቤቱም የሚቸገረው ነው።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራውም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሽቦና ከቆርቆሮ የሚሠራው መኪና መሪው ጎማውን ያዞራል፤ እኔ በእሱ ዕድሜ ይህን አልሞክረውም ነበር። እንዴት እንደሠራው ቢጠይቁት ግን «ይሄን… እንዲህ… ከዛ ይሄ» እያለ በእጁ ያሳያል እንጂ በቃል አይወጣለትም። ሦስት ልጆች «ሎህህን አስቀምጥ፣ ውዱእ አድርግ፣ ከኋላ ተሰለፍ» ሲባሉ እሱ ሁለቱን አይቶ ነው የሚከተላቸው። ልብ ብዬ ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ነው፣ ምክንያቱም የሚያነበው ትእዛዙን ሳይሆን ጓደኞቹን ነው። በጀመዓ ሲቀሩም እንደዚሁ ነው፤ አፉ የሚከፈተው የሌሎቹን አፍ አይቶ ነው። ብልህ ነው ማለት ነው፤ ሳያውቅ መሸፈኛ አበጅቷል። አጎቱ «ጅን ይዞት ነው» ይላል፤ አያቱ «ምላሱ ስለታሰረ ነው፣ ክሩ ይቆረጥ» ትላለች።

እነዚህን አባባሎች እንያቸው። የምላስ ክር አጭር መሆኑ አንዳንድ ድምፆችን ሊያስቸግር ይችል ይሆናል እንጂ ቃላት አያሳጣም፣ ዓረፍተ ነገር አያፈርስም። በምላጭ መቁረጥ ደግሞ እንደ እንጥል ማስቆረጡ ሁሉ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል። ጅንና ዓይንን በተመለከተ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ቁርኣን የሚቀራበትን ሰው አንከለክልም። ነገር ግን ሩቅያ ያስቀሩለት አባት በማግስቱ ጆሮውን ቢያሳዩለት ከተወኩል አይጎድሉም። «እናቱ ስለማታወራው ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የዘር ድርሻው ከፍተኛ ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ይደጋገማል፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ትንሽ በዝቶ ይታያል። «ሁለት ቋንቋ ስለተደባለቀበት ነው» የሚሉም አሉ። አማርኛና ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ በዚህ ምክንያት እክሉ አይይዘውም፤ እክሉ ካለበት በሁለቱም ቋንቋ ይታይበታል። አንዱን ቋንቋ ንጠቁት ብሎ መምከር ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን መንገድ መዝጋት ነው።

ዕድሜውም ይታይ። ሁለት ዓመት ሞልቶት ከ50 ቃል በታች ያለው፣ ሁለት ቃልም የማያጣምር ልጅ ዘግይቷል ይባላል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ትምህርት እስኪጀምሩ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። አምስት ዓመት ሞልቶትም ሰፊ ችግር ያለበት ልጅ በራሱ የመድረስ ዕድሉ ያነሰ ነው። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» የሚለው ማጽናኛ በሁለት ዓመት ላይ ይሠራ ይሆናል፤ በሰባት ዓመት ላይ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጆሮ። ምግል የሚወጣው ጆሮ በገጠር የተለመደ ስለሆነ ሰው እንደ ሕመም አይቆጥረውም። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚመግል ጆሮ ሕክምና ይፈልጋል፤ ለዚህ ጤና ጣቢያው መነሻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ መላክ ሊመጣ ይችላል፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ጀመዓችን ለዒድ ልብስ እንደሚያዋጣው ለአንድ ልጅ የመኪና ቢያዋጣ ምን ይለዋል? የሐሳብ ጉዳይ ነው፣ ተወያዩበት።

ቀጥሎ የንግግራችን መንገድ ነው። ልጁን በስሙ ጥሩት፣ ፊታችሁን እስኪያይ ጠብቁ፣ ከዚያ አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ። ሦስት ትእዛዝ ካላችሁ አንድ በአንድ ስጡት። ስትጠይቁት ደግሞ መልስ እስኪያመጣ ታገሡ፤ እኔ በልቤ አምስት ጊዜ «ሱብሓነላህ» እላለሁ፣ የሚገርመው ብዙ ጊዜ በአራተኛው ይመልሳል። የተሳሳተውን «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አታርሙት። «ላም ሄደ» ሲል «አዎ፣ ላሟ ሄደች፤ ወደ ወንዙ ሄደች» በሉት። ትክክለኛውን ሰማው፣ አላፈረም፣ ወሬውም ቀጠለ። ይህ ባለሙያዎች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ገንዘብም መጽሐፍም አይፈልግም።

በቁርኣን ቤት ደግሞ አያውን ቆርሱት። ሌላው አንድ አያ ሲወስድ እሱ ሁለት ቃል ይውሰድ፤ ሁለቱ ሲጸኑ ሦስተኛው ይጨመር። ትርጉሙን በአማርኛ ንገሩት፤ ባዶ ድምፅ ለእሱ ከባድ ነው፣ ትርጉም ግን እንደ መያዣ እጀታ ያገለግለዋል። ሎህን ደግሞ አትናቁት። ድምፅ ተነግሮ ያልፋል፤ እንጨቱ ላይ የተጻፈው ግን ልጁ እስኪያጠናው ይጠብቀዋል። የድሮዎቹ የወሎ መሻይኾች ለሌላ ምክንያት የያዙት መሣሪያ ለዚህ ልጅ ከሞባይል ንባብ ይሻለዋል፤ ቢያንስ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ብቻውን በጀመዓው ፊት አታስቁሙት፤ መጀመሪያ ከአንድ ታላቅ ደረሳ ጋር ሁለት ሆነው ይበሉት።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን እንደለመኑ በሱረቱ ጣሃ እንቀራለን። በሱረቱል ቀሶስ ደግሞ ከእሳቸው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ወንድማቸው ሃሩን ረዳት ሆነው አብረዋቸው እንዲላኩ ጠየቁ። ልመናቸው ተሰጣቸው፤ ረዳት መጠየቃቸው ግን አልተነቀፈም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ቁርኣንን እየተቸገረ፣ ምላሱ እየተያዘ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ተነግሯል። እኛ ግን ሁለት አጅር የተባለለትን ልጅ ነው ሁለት ጊዜ የምንገርፈው።

ትምህርት ቤት ላይ የሚያጋጥመውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የቋንቋ እክል ያለባቸው ልጆች ንባብም ብዙ ጊዜ ይቸግራቸዋል። አንዳንዱ ፊደሉን ይለያል፣ ጮክ ብሎም ያነባል፤ ያነበበው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ባዶ ይሆናል። ሒሳብም ላይ ቁጥሩን ችሎ በጽሑፍ የመጣው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። «አልማዝ ከከበደ በሦስት የሚበልጥ ብርቱካን አላት» የሚለው የሒሳብ ጥያቄ አይደለም፣ የሰዋስው ጥያቄ ነው። የምታስጠኑ ካላችሁ ጥያቄውን በድንጋይና በባቄላ ፍሬ አሳዩት። በምሽት ቡና ላይ እንቆቅልሽና ተረት ካለ ደግሞ እሱንም አስገቡት፤ ተረቱን ዛሬ ሰምቶ፣ ነገ ሰምቶ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹን እሱ እንዲጨርስ አድርጉ።

በአገራችን መንገድ የጀመሩ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው በአብዛኛው ኦቲዝም ላይ ቢሆንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ልጆች ንግግር እንዲለምዱም ከፊደል ገበታችን ተነስተው አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ዘዴ አዘጋጁ። ከውጭ የመጣውን እንዳለ ከመቅዳት ከራስ ቋንቋ መነሳት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎችን በዲግሪ ማሠልጠን ጀምሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ልጆች እድገት ችግሮች የሚማሩበት የሥልጠና ቁሳቁስ ተዘጋጅቷል፤ ስለዚህ ቀበሌያችሁ ያለችውን እህት «ይህ አይመለከታትም» ብላችሁ አትለፏት።

በመጨረሻ ከወላጅ ጋር ስለሚደረገው ንግግር። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ «ልጅሽ እክል አለበት» ብሎ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። በዚያ ላይ እናት በሰው ፊት ከሰማች ልጁን ትደብቀዋለች እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ አትወስደውም። ብቻዋን ስታገኟት፣ መጀመሪያ ልጁ የሚችለውን ንገሯት፤ በጉን፣ የሽቦ መኪናውን። ከዚያ ጠይቋት፦ «እትዬ፣ አፉን የፈታው መቼ ነው? ጆሮውን አሞት ያውቃል? ከዘመድ እንደሱ የዘገየ ነበር? ስታዝዥው ሁሉንም ይይዛል ወይስ አንዱን ብቻ?» መልሶቿን በአንድ ወረቀት ላይ ከልጁ ዕድሜ ጋር ጻፉላት፤ እናንተ የሰማችሁትንም ሁለት ሦስት አነጋገር እንዳለ፣ ሳታስተካክሉ፣ እሱ እንዳለው ጨምሩበት። ጤና ጣቢያ የሚያየው ሰው አምስት ደቂቃ ነው ያለው፤ ልጁም ያን ጊዜ ፈርቶ ዝም ይላል፤ ወረቀቱ ግን ይነበባል።